ያጠንኩት በርሜል

በርሜሉ ሲፈነዳ ደነገጥኩ እንጂ አልፈራሁም። የፈራሁት ጭሱ ገለል ሲል ነው። ከመንገድ ሥራው ሰፈር አራት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ እኛ ሲሮጡ አየሁ። በርሜሉ እኔ ግቢ የለም፤ አጥሩን በርቅሶ ጎረቤቴ ግቢ ወድቋል። ልጄ ክንዷን ይዛ ትጮኻለች።

ጣልያን የደሴን መንገድ በሸዋ ሮቢት በኩል የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ ጫካ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ጨው ሊነግድ አፋር ወርዶ ቀረ እላለሁ። እኔና የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ የምንኖረው ለመንገድ ሠራተኞች ጠላ ጠምቀን በመሸጥ ነው። ሦስት ጋን ነበረኝ። በዚያ ሐሩር የሦስቱም ጠላ እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል። ሰው ባዶ ጋን አይቶ ሲመለስ ያንገበግበኝ ነበር። ይበቃኛል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አንድ ሠራተኛ ባዶ የቤንዚን በርሜል ከሰፈሩ አንከባሎ አመጣልኝ። በሁለት እንስራ ጠላ ለወጥኩት። ሰርቆ እንዳመጣው ገብቶኛል፤ ግን አልጠየቅኩትም። አንጥረኛውን አናቱን ቆርጦ አፉን እንዲያሰፋልኝ ብለምነው፣ "ሽታው ሳይጠፋ መዶሻ አላሳርፍበትም" አለኝ። አመድና አሸዋ ከውሃ ጋር ጨምረንበት ከልጄ ጋር ግቢውን ሙሉ አንከባለልነው። ሽታው አልለቅ አለ።

ጎረቤቴ ሙስሊም ገበሬ ናቸው፤ ጠላ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ጋሼ ነው የምላቸው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሳቁብኝ።

"አንቺ፣ ይኼን የጠጣ ሰው እንደ ካሚዮን እየጮኸ ዳገት ሊወጣ ነው!"

"ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ላይቀምሱት ምን ቸገረዎት?"

"እኔስ አልቀምሰውም። ወላሂ ግን ይኼ ነገር እሳት ይወዳል። ተይው።"

"ሲታጠን ይለቀዋል" አልኳቸው።

እኔ የማውቀው ያንን ነው። ጋን የከረፋ እንደሆነ ፍም ላይ የወይራ ስንጣሪ ይደረግና በአፉ ይደፋበታል። ጭሱ ክፉውን ሽታ ያወጣዋል፤ ጠላውንም ያጣፍጠዋል። ሸክላ ሆነ ብረት ምን ለየው ብዬ በማግሥቱ ጠዋት ፍም አዘጋጀሁ። በርሜሉን በድንጋይ አስደግፌ ቀዳዳውን ወደ ፍሙ አዘነበልኩት። ፍሙ ሊከስም ሲል ልጄን "እፍ በይው" አልኳት። እኔ ነኝ እፍ በይው ያልኳት።

ወታደሮቹ ሲመጡ ልጄን ቤት አስገብቼ ፍሙ ላይ ውሃ ደፍቼበት ነበር። እነሱም ቀጥታ በርሜሉ ወዳለበት፣ ወደ ጋሼ ግቢ ገቡ። አስተርጓሚያቸው ብረቱን በእግሩ ገልበጥ አደረገው።

"የሰፈራችን ምልክት አለበት። ቤንዚኑን ለሽፍታ ያቀበልከው አንተ ነህ? የማን ነው ይኼ?"

ጋሼ በተቀደደው አጥር እኔን አዩኝ። ከቤት የልጄ ሲቃ ይሰማል።

"የኔ ነው" አሉ። "ባዶውን መንገድ ዳር አገኘሁት። ውሃ ላጠራቅምበት ቀዳዳውን በጋለ ብረት ላሰፋ ስል ፈነዳብኝ።"

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። "እውነቱን ነው?"

"አዎ" አልኩ።

የኔ ነው ብል ባልሽ የት ነው ይሉኛል፤ እኔን ይወስዳሉ፤ ልጄ ከነቁስሏ ብቻዋን ትቀራለች። ይኼን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ይኼን ሁሉ አላሰብኩም። አፌ ቀደመኝ።

እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ወሰዷቸው። ሚስታቸው እስከ ሰፈሩ ድረስ እያለቀሰች ተከትላ ተመለሰች። ቤቴ ስትገባ ልትረግመኝ መስሎኝ ነበር። እሬት ቆርጣ መጥታ የልጄን ክንድ ቀባችላት።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ሲመለሱ ለራሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ። አሁን ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። ነገ የማን ሚስት እንደሆንሽ ከጠየቁ፣ የሳቸውም መታሰር ከንቱ ይሆናል።"

በዚያው ቀን ወጣን። መንገዱን ትተን በማሽላው ውስጥ ለውስጥ ወደ ማጀቴ ከተማ፣ ወደ እህቴ ቤት ተጓዝን። ከሩቅ ለመንገዱ ድንጋይ የሚፈልጡ እስረኞች መዶሻ ሲሰማ አንዱ የጋሼ ይመስለኝና እቆማለሁ። ልጄ በደህና እጇ ትጎትተኛለች። አልተመለስኩም። እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድንጋይ ሲያስፈልጧቸው ኖረው እንደለቀቋቸው የሰማሁት ብዙ ቆይቼ፣ ከአንድ ገበያተኛ ነው።

በሦስተኛው ቀን እህቴ በሩን ከፍታ የልጄን ክንድ አየች።

"ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?"

"እኔ።"

አስገብታ በሩን ዘጋችው፤ በቅል ውሃ ሰጠችን። ልጄ ቅሉን ሳታስቀምጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

"የሚከተላችሁ አለ?" አለችኝ እህቴ ቀስ ብላ።

"የለም። ደርሰናል። ሁለታችንም ድነናል" አልኳት።