ቆሞ የለመነልኝ ቴፕ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቴፕ ሪኮርደር የሚሉትን ዕቃ ባየሁ ቁጥር ሁለቱም ክንዶቼ ስለሚዝሉ፣ እንኳን ዘጠኝ ዘጠና ዓመት ቢያልፍ የምረሳው አይመስለኝም።

ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ላጤነቴ ከሰበታ አልፎ ተጂ ድረስ ይወራ ነበር። አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ስፌት የምትማር ብርቄ የምትባል ልጅ ወደድኩ። እሷም አልጠላችኝም። ችግሩ አባቷ ናቸው። ኦቦ ቶላ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ጫንጮ መዳረሻ የሚኖሩ የታወቁ ገበሬ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆመው ለምነው ቆመው ተመለሱ። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ካልተባለ እንደማይቀመጥ፣ ከተባለ ደግሞ ነገሩ እሺ እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ።

ኦቦ ቶላ እንቢ የማይሉት አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ፤ የልጅነት ጓደኛቸው ግራዝማች ተክሌ። ግራዝማች ደግሞ ጎረቤቴ ናቸው። ብለምናቸው እሺ አሉ። እሺ ባሉ በሦስተኛው ቀን ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ! ወጌሻው ሁለት ወር ከአልጋ እንዳይነሱ አዘዘ። ብርቄ በበኩሏ «እሑድ አንድ የተጂ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ይልካል። የአባዬም ልብ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስለኛል» ብላ ላከችብኝ።

በዚህ ጊዜ ቴፔ ትዝ አለኝ። የገዛሁት ወደ አገሩ ከተመለሰ የፋብሪካችን ፈረንጅ ነው። በሰበታ አንደኛ፣ በዓለም ሁለተኛ ነው እያልኩ አወራለት ነበር። ክብደቱ የዓመት ጥጃ ያህላል። ይዤው ግራዝማች ዘንድ ሄድኩና ድምፃቸውን ልቅዳ አልኳቸው። ሳቁ።

«በእግሬም በበቅሎም ሄጃለሁ፤ በሳጥን ግን ሄጄ አላውቅም። ቅዳኝ እስቲ!»

ሌላ ችግር መጣ። ቴፑን ማንቀሳቀስ የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም፤ አግቢው ራሱ ከሽማግሌ ጋር መሄዱ ደግሞ ነውር ነው። ኦቦ ቶላ መልኬን ስለማያውቁ «የዕቃው ሠራተኛ» ሆኜ ለመሄድ ቆረጥኩ። ብርቄ ስለ ፍንጭት ጥርሴ ለቤተሰቧ እንዳወራች ስለማውቅ አፌን ገጥሜ ልውል ለራሴ ማልኩ።

ቅዳሜ ጧት ከሽማግሌዎቹ ከአቶ ንጉሤና ከሌላ አንድ አዛውንት ጋር በአውቶቡስ ሄድን። ቤት ገብተን ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ቆሙ። እኔ ቴፑን መደቡ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ቶላ።

«ግራዝማች ተክሌ ናቸው» አሉ አቶ ንጉሤ። «እግራቸው ቢሰበር በድምፃቸው መጡ።»

ኦቦ ቶላ ዕቃውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሽማግሌ ነው ካላችሁኝ ማን ተቀመጥ አለው? አንሣው!»

አንሥቼ ታቀፍኩት። እጄ ስለተያዘ ቁልፉን የምጫነው በአገጬ ነበር።

«ቶላ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?» አለ ቴፑ።

ኦቦ ቶላ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ ተክሌ? እግርህ…» ሳይጨርሱ ቴፑ «ከብቱስ? ዝናቡስ?» ብሎ ቀጠለ።

«ማል ጄቴ? ምን አልክ? አቁመው! ተክሌ ሰው ሳያስጨርስ አይናገርም። ይሄ ዕቃ አፍ እንጂ ጆሮ የለውም!»

ቴፑን ወደ ኋላ እየመለስኩ፣ በእያንዳንዱ ሰላምታ እያቆምኩ፣ ኦቦ ቶላ ተራቸውን እየጠበቁ መለሱ። መሐል ላይ የግራዝማች አውራ ዶሮ ከቴፑ ውስጥ ጮኸ፤ የጫንጮ ዶሮዎች በሙሉ መለሱለት።

ሰላምታው ሲያልቅ ኦቦ ቶላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የዕቃው ሰው፣ ልጁን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ይጠጣል?»

«ይቀምሳል።»

«ይዋሻል?»

አይዋሽም ብል መዋሸቴ ነው። «ያጋንናል እንጂ አይዋሽም» አልኩ፤ ማልቀስ ሲገባኝ ፈገግ አልኩ።

አየት አደረጉኝና «ቀጥል» አሉ።

ግራዝማች ዋናውን ነገር ጀመሩ። «ቶላ፣ የመጣሁት ልጅህን ልለምንህ ነው…» ይኼኔ ያ ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ የባትሪውን ድንጋይ ጨርሶት ኖሮ ድምፃቸው ይጎተት ጀመር። «አ…ደ…ራ…ህ…ን…» እያለ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ወረደ። ክንዶቼ ይንቀጠቀጣሉ። ቴፑ እዚህ ላይ ከሞተ ነገ የተጂው ሰው ተራ ነው!

ኦቦ ቶላ ጠጋ ብለው ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ደቀኑ።

«ተክሌ ደከመው» አሉ በመጨረሻ። «ሸምግሏል፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ይህን ሁሉ ሰዓት ቆሟል። አስቀምጡት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይቀመጥ አሉ! ሰምታችኋል፣ ይቀመጥ አሉ!» ብለው አቶ ንጉሤ የኦቦ ቶላን ጉልበት ሊስሙ ወደቁ። እኔ ቴፑን አስቀምጬ፣ ሠራተኛ እንደመሆኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

«አንተስ? ታኢ!» አሉኝ ኦቦ ቶላ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው።

«እኔ የዕቃው ሠራተኛ ነኝ፣ አባቴ።»

«ፍንጭትህን አይቼዋለሁ። ደግሞ ለዕቃ ብሎ እንዲህ ክንዱ እስኪዝል የሚቆም ሠራተኛ አላውቅም። ነውረኛ! ታኢ ብያለሁ!»

ተቀመጥኩ። ከቴፑ አጠገብ፣ መደቡ ላይ።

አሁን ሦስት ልጆች አሉን። ግራዝማች ዐርፈዋል፤ ድምፃቸው ግን ከዶሮአቸው ጋር ቤቴ አለ። ኦቦ ቶላ ለፋሲካ ሰበታ ሲመጡ «ተክሌን አምጣልኝ» ይሉኛል። አዲስ የባትሪ ድንጋይ እጨምርለትና ከፊት ለፊታቸው ደህና ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። «ቶላ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?» ሲል አቆመዋለሁ። እሳቸው ስለ ከብቱም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸውም ነግረውት እስኪጨርሱ ድረስ ጣቴን ከቁልፉ ላይ አላነሣም።