ሰም የቀለጠበት ሞተር

የአባቴን አሮጌ ዶቅዶቄ ካርተር ሊቀይርልኝ የተስማማው መካኒክ ዘንድ፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ወደሚባል ቦታ፣ የሄድኩት ባለፈው ሰኞ ነው። ካርተር የሚሉት የሞተሩን ጥርሶች ከነዘይታቸው አቅፎ የሚይዘውን የአሉሚኒየም ቅርፊት ነው። ወጣቱ መካኒክ ኩሽኔታውን ከአሮጌው ካርተር ለማላቀቅ በእሳት ሲያሞቀው ከተቃጠለው ዘይት ሽታ ስር ሌላ ሽታ ቀስ ብሎ ወጣ። እሱም አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና "እትዬ፣ ይኼ ነገር ጧፍ ጧፍ አይሸትም እንዴ?" አለኝ። ይሸታል አልኩት። ጧፍ እንዴት ሞተር ውስጥ እንደገባ ልነግረው ስል ግን ሳል አስመስዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

አባቴ ደባርቅ መምህር ነበር። እናቴ እዚህ ጎንደር ነርስ ስለነበረች ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ፣ እሱ ሳምንቱን እዚያ ብርድ ውስጥ ያሳልፍና ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያች የጣሊያን ዶቅዶቄ እየተንደቀደቀ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ድምፅዋን ገና ከከተማው ጫፍ ከወለቃ ስትነሳ የምለያት ይመስለኝ ነበር፤ ወንድም እህት ስላልነበረኝም አይደለም ብሎ የሚከራከረኝ አልነበረም። አባቴ አቧራውን ሳያራግፍ እኔ ዶቅዶቄዋ ስር ቁጭ ብዬ ጠጠጠ እያለ የሚቀዘቅዘውን ሞተር አዳምጣለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሰይጣን ታስሮበት እንደሚጮህ እየማሉ ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ አባቴ በየሳምንቱ ሰይጣን ጭኖ የወገራን ደጋ ያቋርጣል ብዬ ማመን ስላቃተኝ ክፈትልኝ እያልኩ እነዘንዘዋለሁ። "ሞተርና የሰው ሆድ ደህና እያለ አይከፈትም" ይለኝና ፊቱን ሊታጠብ ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ምሳ ሰዓት አለፈና አባቴ ቀረ። እናቴ ወጡን ሁለቴ አሞቀች፣ ከዚያ ማሞቁን ትታ በር ላይ ቆመች። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ዶቅዶቄዋን እየገፋ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት በዘይት ሆኖ ብቅ አለ፤ ከእሱም ከዶቅዶቄዋም የሚመጣው ሽታ ግን የቅዳሴ ነበር። "ምነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውለህ ነው የመጣኸው?" አለችው እናቴ፣ ቁጣዋንም እፎይታዋንም አንድ ላይ አድርጋ።

ከዳባት ወዲህ ሰንሰለቱ ተበጥሶ፣ ፊተኛው ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ ካርተሩን የእንቁላል ያህል በስቶት ኖሯል። ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ከበቡት፤ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን አዩና "ይኸ ምን ያስጨንቃል፣ መምህር? ጋን ሲሸነቆር በሰም አይደል የምንደፍነው?" ብለው፣ ለደብራቸው ጧፍ እንዲሆን የገዙትን ሰም ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡት። አባቴ የሚያስተምረው ሳይንስ ነው፤ ሰም ሙቀት እንደማይወድ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ሽማግሌ ለታቦት ያሰበውን አውጥቶ ሲሰጥ እንዴት ተብሎ እምቢ ይባላል? ሌላ መድፈኛም አልነበረም። "ሸጋ ነው፣ አያ" ብሎ ሰሙን በጨርቅ አድርጎ ጠቀጠቀው፣ ሰንሰለቱን በያዘው ማያያዣ ቀጠለ፣ ትርፍ ዘይቱን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ሰሙ መላላት ሲጀምር እየቆመ፣ የወገራ ንፋስ ሲያጠነክረው እየተነሳ፣ ቁልቁለቱን ደግሞ ሞተር አጥፍቶ እየተንሸራተተ፣ የቀረውን እየገፋ ነበር የደረሰው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ቀዳዳ የሚለውን ብቻ ነው። አባቴ ራት ሳይበላ በባትሪ አበራልኝ፤ ጨርቁን ሲስበው እንደ ማር የሚያብረቀርቅ ጥርስ በጥርስ ላይ ተደራርቦ አየሁ። የኋላ ጎማዋን በእጁ ቀስ አድርጎ ሲያዞር ትልቁ ጥርስ ትንሹን፣ ትንሹም ሌላውን እየነካ ሁሉም ተራ በተራ ተንቀሳቀሰ። ሰይጣን የለም። ደግመህ አዙር አልኩት፤ ደግሞ አዞረ፤ ደግሜ አልኩት። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ ያደረው እሑድ ጠዋት ድረስ ነው። የሰፈራችን መካኒክ ጋሽ ዘውዱ መጣና ቀዳዳውን አሸተተ፣ ጥቂት ሰም በጥፍሩ አወጣና "መምህር፣ ልጠግነው ነው ወይስ ላብራው?" ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ካርተሩ መቀየር እንዳለበት፣ ምትኩም የትም እንደማይገኝ ተናገረ፤ አሉሚኒየም የሚበይድ ሰውም ከተማው ውስጥ የለም። አባቴም በአውቶቡስ ከሆነ በወር አንዴ ብመጣ ነው አለ። ለእናቴ ነው የተናገረው። እኔ ከዶቅዶቄዋ ስር ሆኜ ሰማሁት፤ ውስጧን በማየቴ የተቀጣሁ መሰለኝና እዚያው አለቀስኩ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና የሠርጓን ድስት ክዳን፣ ያን ከባድና ወፍራም አሉሚኒየም፣ ይዛ ወጣች። "ይኸ አይበቃም?" አለች። ጋሽ ዘውዱ ክዳኑን አገላብጦ አየ፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ከዚያም ጠፍጣፋውን ቦታ ቆርጦ እየሞረደ በቀዳዳው ልክ አስተካከለው፤ ዙሪያውን በስቶ፣ ስሩ ካርቶን አንጥፎ በብሎን አሰረው። ሰሙን ጠርጌያለሁ ቢልም ብሎኖቹ መካከል የቀረ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወጣችን በትሪ ተከድና ነበር የምትበስለው፤ እናቴም እንግዳ ሲጠይቃት ክዳኑ ደባርቅ ያስተምራል ትል ነበር። ያን ሳምንት ግን እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ዶቅዶቄዋ ስትመጣ ስሰማ ሳልጫማ ነው መንገድ የወጣሁት።

እንዲህ እያለ ብዙ ቅዳሜ መጣ። በኋላ እናቴ ስትሳልለት የኖረችው ዝውውር ተፈቀደና አባቴ ጎንደር ገብቶ ከእኛ ጋር መኖር ጀመረ። በየማታው ራት አብረን በላን። ዶቅዶቄዋ ጥግ ላይ ቆመች፤ እኔም አደግሁ፣ ትምህርቱ በዛብኝ፣ አባቴ ጋዜጣውን እያነበበ የጠየቀኝን ሳልሰማ የማልፍበት ቀን በዛ። የተመኘነው ሁሉ ደረሰልን፤ ቅዳሜ ግን እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ፣ እኔም በሩ ላይ መቆሜን መቼ እንደተውኩ አላውቅም። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው ዛሬም ከነቅንድቡ አቧራ፣ ከነከንፈሩ መድረቅ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ዓመት ከዓመት በየማታው አብሮኝ የበላውን ሰው ፊት ለማስታወስ ግን ፎቶግራፍ ማውጣት አለብኝ።