እማዬ ያጠበችው ታንክ

ዛሬ ታንኬን ከታጠቡ ብርጭቆዎች መሃል ተደፍቶ፣ ውሃው ሲንጠፈጠፍ አገኘሁት!

ለማታውቁኝ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ታንኮች እየገጣጠምኩ የጦር ሜዳ የምሠራላቸው ሰውዬ ነኝ። አዎ፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።

ለዚህኛው ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር አፈር አምጥቼ፣ ነፍቼ፣ ጭቃና ዝገት ለማስመሰል ብቻ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ዛሬ ደግሞ የእናቴ የጸሎት ቡድን የሚሰበሰብበት ተራ የእኛ ቤት ነበርና እማዬ ቤቱን ስታጸዳ እሱንም በሳሙና ፈተገችው።

«ምነው እማዬ?» ብላት፣ «ቆሽሾ ነበር እኮ! እንግዳ ሲያየው ምን ይላል?» አለችኝ።

እንዳኮረፍኩ እንግዶቹ ገቡ። በወጣትነታቸው ታንክ ይነዱ የነበሩት ጋሽ ታደሰ አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ማነው እንዲህ ያጠበው?»

«እናቴ ናት። ይቅርታ ጋሼ፣ ጭቃ ነበረው...»

«ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል? እኛ እንዲህ አድርገን የምናጥበው ተኩስ የቆመ ቀን ብቻ ነበር።»

በቃ፣ ጭቃውን አልመልሰውም። አጠገቡ ባልዲ የያዘች አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሴትዮ አቆማለሁ። እማዬ ከአሁኑ «ሻሼን እንዳትረሳ» ብላኛለች።

እስቲ እናንተም አውሩ፤ ቤተሰብ «አጸዳሁልህ» ብሎ ጉድ የሠራችሁ ምን ላይ ነው?