የጨው ምልክት

ስለላ በፊልም እንዳየሁት ቀላል መስሎኝ ነበር። ጅቡቲ ውስጥ እቤቱ እያደርኩ የምሠራለት ፈረንጅ፣ ሙሲዬ፣ ከ«ቦንዡር» ሌላ አያናግረኝም፤ አንዱን ክፍል ግን ሁሌ ይቆልፋል። ከጎረቤት ሠራተኛዋ ከሰናይት ጋር «ሰላይ ነው፤ እንበርብረው» ተባባልን። እዚያው ፊቱ ነው የተማከርነው፤ አማርኛ ከየት ያውቃል ብለን!

በማግስቱ ቁልፉን በሩ ላይ ረስቶ ወጣ። ሰናይት ኩሽና መስኮት ላይ ቆመች፤ ሲመጣ ካየች፣ እንደተማከርነው፣ «ጨው አለሽ?» ብላ ልትጮህልኝ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ወንበርና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ማዳመጫውን አጠለቅሁት። የኩሽናችን ቧንቧ ሲንጠባጠብ፣ ሰናይት ስታንጎራጉር ጥርት ብሎ ይሰማል። ድንገት እንጉርጉሮዋ ተቋረጠ።

ከዚያ ሙሲዬ ማዳመጫው ውስጥ፣ ኩልል ባለ አማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጨው አለሽ?» አለኝ።