ሰው የሌለበት ኮት

ቆርኪ ከቆርኪ ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር፣ ከመጠጥ ቤት በር መጋረጃም ይሁን ከልጆች መጫወቻ፣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሞጣ ይደርሳል። እዚያ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም መግቢያ ላይ በሽቦ የተሰካካ የቆርኪ መጋረጃ ነበር፤ እሱን በሁለት እጄ ገልጬ ስገባ እየሳቅሁ ነበር።

ቤታችን ቢቸና ነው፤ አባቴ ቄስ ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ አስማረ በክረምቱ መውጫ እንደ እኩዮቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ወረደና፣ በታኅሣሥ እኩዮቹ አዳዲስ ጫማ ተጫምተው ሲመለሱ እሱ ቀረ። አንዱ «ወባ ይዞት ነበር» ሲል፣ ሌላው «ወደ ሱዳን ተሻግሯል» ይላል፤ ትንሽ ሲጠየቁ ግን ሁሉም «እኛም አናውቅም» ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው የሚለቀሰው በልብሱ ነው። ኮቱና ጋቢው ለቀስተኛው መሀል ይወጣሉ፣ ዘመድ እነሱን እያየ ደረቱን ይመታል። እናቴ ይህን ስለምታውቅ የአስማረን የበዓል ኮት ሳጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። ኮቱ ካልወጣ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ ደግሞ አስማረ አልሞተም።

የቀጣዩን ክረምት ሙሉ አባቴ እየለመኑ፣ እሷ እየተቆጣች ይመሹ ነበር።

«የልጄን ነፍስ ደጅ አታሳድሪብኝ፤ ፍትሐት ላድርስለት» ይሏታል።

«ቆሞ ለሚሄድ ልጅ ፍትሐት? ሟርትዎን ይተዉኝ!» ትላቸዋለች።

እኔ በልቤ የእሷ ወገን ነበርሁ። አባቴ መጻሕፍቱን ቢያውቁም ልጅን የምታውቅ እናት ናት ብዬ፣ የአስማረን በሕይወት መኖር ያመንሁት በእሷ ቁጣ ነበር።

ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሞጣ የምትኖረው አክስቴ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ እናቴ ይዛኝ ሄደች። በማግስቱ አክስቴ «ኧረ እስቲ ትንሽ ጥርስሽን አሳዪን! ከባሕር ዳር የመጡ የሥዕል ተማሪዎች በኤግዚቢሽናቸው ሙዚየሙን መጫወቻ አድርገውታል» ብላ እናቴን እየገፋፋች ወሰደችን። እውነትም መጫወቻ ነበር። ከቢጫ ጀሪካን የተሠራ አህያ፣ ላባው ሁሉ ያለቀ ሸበጥ የሆነ አውራ ዶሮ፣ የድስት ክዳን ቆብ የደፋ ዳኛ እያየሁ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ግን ልብስ ብቻ ነበር፤ ኮቱ፣ ጋቢው፣ ቀሚሱ በቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነፋሱን ሲለቅበት ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እስክስታ ይመታል።

ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ያሉ ሴቶች እዚያ በር ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ። አንዷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወደ አዘጋጇ ወጣት ቀረበችና «እግዜር ያጥናሽ ልጄ! ምን ዓይነት መዓት ነው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ነው?» አለቻት።

ልጅቱ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ እማማ፣ ማንም አልሞተም! ከሰልባጅ ተራ የገዛነው ነው። ጨዋታ ነው።»

ሴቶቹም እፎይ ብለው ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ አንድ ቡናማ ኮት ፊት ቆማ እጅጌውን ያዘችና «ባለቤቶቹስ የት ሄዱ?» አለች።

«እሱን እኛም አናውቅም፣ እማማ።»

ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይህን መልስ በሰማች ቁጥር ስትቆጣ አይቻለሁ፤ ያን ቀን አልተቆጣችም። ባዶውን እጅጌ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችና «አስማረ» አለች፣ ከዚያ «ልጄን! በየት በኩል ልሸኝህ!» ብላ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ማን እንደሞተ አልጠየቁም፤ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን አይተውምና ከበው አብረዋት አለቀሱ። አዘጋጇ ሮጣ ማራገቢያውን አጠፋች፤ ልብሶቹ ግን ወዲያው አልቆሙም። እኔ ቀሚሷን እየጎተትሁ «እማዬ፣ ጨዋታ ነው እኮ! ተይ!» እያልሁ እጮህ ነበር። አልቅሳ ከጨረሰች ወንድሜ እንደሚሞት ገብቶኝ፣ ፈርቼ ነበር።

ቢቸና ስንመለስ ሳጥኑን ራሷ ከፈተች። አባቴ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ድምፃቸው እየተቆረጠ አስቸገራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቁ ቀረ፣ በክረምቱም እናቴ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስትተኛ አየኋት።

አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ፤ አባቴም ዐርፈዋል። እናቴ አስማረን ስታነሳ «ነፍሱን ይማረውና፣ ሽሮ ሲያይ እንዴት ያኮርፍ ነበር!» ብላ ትስቃለች፤ ያ ሳቅ የሷ እረፍት መሆኑን ስለማውቅ አልከራከራትም። በየዓመቱ በአባቴ መታሰቢያ ቀን ካህኑ የቤታችንን ሙታን በክርስትና ስማቸው ይጠራሉ። አባቴን ሲጠሩ ሁለታችንም «አሜን» እንላለን። ቀጥለው ወንድሜን ሲጠሩ «አሜን» የምትለው እናቴ ብቻ ናት።