እህቴን ከሊማሊሞ የመለሳት ፍርሃት

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ናት፤ እታለም እላት ነበር። ጎንደር ውስጥ ከአራዳ ወረድ ብሎ ጣልያን ትቶት በሄደ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እንኖር ነበር። እህቴ ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ ትሸጣለች። ጥጥ ሲያልቅባት ከነጋዴዎች ጋር ተቀላቅላ እንፍራንዝ ድረስ በእግሯ ትወርዳለች። መንገዱ ላይ ሽፍታ አለ ሲሏት፣ ሽፍታ ፈትል አይችል፣ ጥጤን ምን ሊያደርገው ብላ ትስቃለች።

ይህችው ሴት በየወሩ ጥቂት ቀን ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ልቧ ድው ድው ይላል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ እንዝርቱ ከእጇ ይወድቃል። ገበያ መሐል ድንገት የምትሞት ይመስላትና ዕቃዋን ጥላ ትመለሳለች። አንዳንዴ ረፋዱ ላይ ትምህርት ቤት ትመጣና ዘበኛውን ለምና ታስጠራኛለች። ስወጣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ምን ሆነሽ ስላት፣ ምንም፣ ደህና መሆንሽን ልይ ብዬ ነው ትላለች። ከዚያ ደግሞ አንድ ጠዋት ለቅዳሴ ስንሄድ እኔን አስገብታ እሷ ከቅጥሩ ውጭ ትቀራለች። በግዳጅ ላይ ያለች፣ የወር አበባ የመጣባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባምና ምን እንደሆነች ይገባኝ ነበር። ከቅጥሩ ውጭ በቆመች በማግስቱ ፍርሃቱ ይለቃታል። ይህን ልጅ ሆኜም አስተውያለሁ፤ ግን ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አገባች። ባሏ የዳባት ሰው ነው፣ ድምፁ የማይሰማ፣ የመንገድ ጥገና ሠራተኛ። ብዙም ሳይቆይ ሥራው ወደ ዛሪማ ተዛወረና እሷም ልትከተለው ሆነ። እኔም ላደርሳት አብሬ ተሳፈርኩ። ዕቃው ከኋላ ተጭኖ እኛ ጋቢና ነበርን። ደባርቅን አልፈን ማኪናው የሊማሊሞን ገደል መውረድ ሲጀምር እህቴ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘችኝ። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል።

«አውርዱኝ» አለች።

ሾፌሩ የቀልድ መሰለውና አላቆመም። ደግማ ስትል በሩን ልትከፍት እጇን ዘርግታ ነበር። ቆመ። ወርዳ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ባሏ አጠገቧ ተንበርክኮ ብዙ ለመናት። በማግስቱ ሥራ ላይ መገኘት ነበረበትና በመጨረሻ ማኪናው እሱንና ዕቃውን ይዞ ወረደ። እኛ ደባርቅ ድረስ በእግራችን ወጣን። ከዚያም ወደ ጎንደር ቤታችን ተመለስን።

የባሏ ዘመዶች ዓይነ ጥላ ነው አሉ። ጠበል ገብታ ሁለት ሱባኤ ቆይታ ተመለሰች፤ ፊቷ በርቶ፣ እየሳቀች። ሁሉም ዳነች አለ። በሁለተኛው ሳምንት ፍርሃቱ እንደ ልማዱ መጣ። ያን ጊዜ የሰበራት ፍርሃቱ ራሱ አልነበረም፤ እምነቴ ጎድሎ ነው፣ እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ማለቷ ነው። ከዚያ የባሏ አጎት መጣ። ሽማግሌ ነው፣ ክፉ ሰውም አልነበረም። የልጁ ቤት ባዶ መሆኑን፣ ሰው መናገሩን ተናግሮ፣ እስከ ፋሲካ ካልወረደች ሌላ ሊያጩለት እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት ነግሯት ሄደ።

እኔ ያን ጊዜ እዚያው ከተማ የጤና ትምህርት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን ስለ ሴት አካል ሲያስረዱ፣ ዕንቁላል የሚያዘጋጁት ሁለት ዕጢዎች ወደ ደም የሚጨምሩት ሆርሞን የሚባል ነገር እንዳለ፣ በወሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ደሙም ማኅፀን ብቻ ሳይሆን አንጎልም ድረስ ይዞት እንደሚሄድ ነገሩን። እጄን አወጣሁ። አንጎል ከደረሰ ሰውን ሊያስፈራ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ይችል ይመስለኛል፣ እንዴት እንደሆነ ግን ገና በደንብ አልታወቀም አሉ። እንዲህ የምትሆን የማውቃት ሴት ካለች ፍርሃቱ የሚመጣባትንና የሚሄድላትን ቀን እንድጽፍ መከሩኝ።

ጻፍኩ። እህቴ ቀንን የምታውቀው በበዓል ነውና እኔም እንደዚያው ጻፍኩ፦ ፍርሃቱ በኪዳነ ምሕረት መጣ፣ በማርያም ማግስት ለቀቀ። በሚቀጥለው ወር አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መጣ፣ ቀደም ብሎ ሄደ። አምስት ወር እንዲህ ተከታተልኩ። ሁልጊዜ ግዳጇ ከመምጣቱ ከአምስት ስድስት ቀን በፊት ይጀምራል፤ ደሙ በመጣ በማግስቱ ይጠፋል። የሊማሊሞን ጉዞ መልሼ ብቆጥረው፣ ከክፉዎቹ ቀኖች መሐል ነበር።

አንድ ከሰዓት አስቀምጬ ነገርኳት።

«እንግዲያ ኃጢአቴ አይደለም?»

«አይደለም እታለም። ደምሽ ነው፣ ከወሩ ጋር የሚመጣ የሚሄድ።»

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉን ተጠመቂ። ቀኑን ግን እኔ ልቁጠርልሽ።»

እንዝርቷን አንስታ መፍተል ጀመረች። ከዚያ፣ «እናታችንም እንዲህ ትሆን ነበር» አለችኝ። «አንቺ አታስታውሽም። እኔ ግን ትጠላኛለች እል ነበር።»

የምትሄድበትን ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ስቆጥር ግን ምን እየቆጠርኩ እንደሆነ አውቅ ነበር። እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምቀረው ብቻዬን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ዋሸኋት። ያ ሳምንት ሸጋ ሳምንት ነበር፣ ልትሄድበት የሚገባ፤ እኔ ግን ገና ነው፣ አልተስተካከለም አልኳት። አመነችኝ። ያን ወር አብረን ጎመን ቀነጠስን፣ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ቀሃ ወንዝ ወርደን ልብስ አጠብን። የሰረቅሁት ወር ስለሆነ ይሆናል፣ ከሌሎቹ ሁሉ እሱን አስታውሳለሁ። መዋሸቴን ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ሆሳዕና ሲቀርብ እውነተኛውን ቀን ነገርኳት። ትምህርት ስለነበረብኝ አላደረስኳትም። በሦስተኛው ቀን የጭነት ማኪና ሾፌር ቤት ድረስ መጥቶ መልእክቷን ሰጠኝ። ገደሉን ዓይኔን ከፍቼ አየሁት፣ ሸጋ አገር ነው፣ ሥጋት የለኝም በላት ብላለች። ሾፌሩ እስኪሄድ ቆሜ አመሰገንኩት። ከዚያ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዛሪማ ቆላ ነው። እዚያ ሦስት ልጆች ወለደች። ስታረግዝ ፍርሃቱ ጨርሶ ይተዋታል፤ ከወለደች በኋላ ከወትሮው ብሶ ይመጣባታል። በየጊዜው በሰው ታስጽፍልኛለች፤ ከሰላምታው ቀጥሎ «ቀኔን አውቄያለሁ» የምትል ቃል አትቀርም። እኔ በጭልጋ በኩል ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። ልቤ ይደነግጣል ብላ የምትመጣ ሴት ሁሉ መጀመሪያ ቀኗን እጠይቃት ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቼ፣ ሆርሞኑ ከሌላ ሴት በዝቶ ወይም አንሶ እንዳልሆነ፣ አንዳንድ አንጎል ግን ከፍ ዝቅ ማለቱን እንደማይችል አነበብኩ። ያን ጊዜ በሕይወት ኖራ ባስረዳኋት ብዬ በጣም ተመኘሁ።

ግዳጇ ሊቋረጥ ሲል ቀኖቹ ተምታቱባትና ፈቃድ ጠይቄ ዛሪማ ወረድኩ፤ አንድ ወር አብሬያት ቆየሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጸጥ አለላት። ለጥምቀት ጎንደር መጥቼ ካንቺ ጋር እሰነብታለሁ ብላ አስጻፈችልኝ። በዚያው ክረምት ወባ ገደላት። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አሁን አርጅቼ ጎንደር ተመልሻለሁ። ከሰሜን የሚመጣ ማኪና አራዳ ላይ ሲቆም፣ ሥራ ባይኖረኝም፣ ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ ቆሜ አያለሁ።