ልብ ቆጣሪው የወልደጻድቅ ሰዓት

ወልደጻድቅ ከድሬዳዋ ደወሌ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ሲቀጠር ቀጭን ነበር ይባላል፤ ይህን በዓይኔ አየሁ የሚል ምስክር ግን እስከዛሬ አልተገኘም። በየጣቢያው የፍየል ጥብስ፣ ሳምቡሳ፣ በወተት የፈላ ሻይ ይቀርብለታል፤ እሱ ደግሞ እምቢ ብሎ ሰው ማስቀየም አይወድም። በ1981 ዓ.ም. ሆዱ ከሱ ቀድሞ ፉርጎ መግባት ጀመረ። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ በወንበሮቹ መሃል ማለፍ ስላቃተው፣ ትኬት ያልቆረጠ ሁሉ ፉርጎው ጫፍ ላይ ሄዶ ተዝናንቶ ይቀመጥ ነበር።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን አዲጋላ ጣቢያ ላይ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲሻገር ትንፋሽ አጠረውና ወደቀ። አራት ሰው አነሣው፤ ሁለቱ ወገባቸውን ታመሙ። ክሊኒክ ሲወስዱት ጉግሳ የሚባል ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ሐኪም መረመረው። ድሬ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ በሚባባልበት አገር፣ ይሄ ልጅ በሽተኛውን ሁሉ አንቱ ይላል፤ ለዚህም ይመስላል ቁጣው የሚያስፈራው።

«የሚበሉት ካሎሪ ከሚያቃጥሉት ይበልጣል» አለው። «ሁለት ወር እሰጥዎታለሁ። አሁን መቶ አራት ኪሎ ነዎት። ዘጠና አምስት ካልገቡ ከባቡር እንዲወርዱ እጽፋለሁ።»

ወልደጻድቅ ደነገጠ። ሞት ቢሉት እንዲህ አይደነግጥም ነበር። ባቡሩን ይወዳል፤ መውደድ ብቻም አይደለም፣ ከባቡር ሲወርድ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አያውቅም። ቤቱ እንኳ እንቅልፍ የሚወስደው አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነው እያለች ሚስቱ አስካለማርያም ታማዋለች።

በማግስቱ ታይዋን ገበያ ሹክሪ ዘንድ ሄደ። ሹክሪ ከጅቡቲ ኤሌክትሮኒክስ የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ ዕቃዋ የሚገባው በራሱ በወልደጻድቅ ባቡር ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት በመስኮት ወደ ውጭ መመልከት ይወዳል። ችግሩን ሲነግራት ከድሪያ ቀሚሷ ሥር ሁለት የእጅ ሰዓት አወጣች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ።

«ጣትህን እዚች ላይ ታደርጋለህ» አለችው። «ልብህ ስንት እንደመታ ይቆጥራል። ከዚያ ያቃጠልከውን ካሎሪ እራሱ ያሰላል። ወላሂ ጅቡቲ ፈረንሳዮቹ ሁሉ ይሄን አስረው ነው ሚሮጡት።»

«የትኛው ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ አቦ። እሰራቸውና ሂድ፤ እግርህ ይምረጥ።»

ወልደጻድቅ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አሰረ። የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ተሻግሮ እስከ ባቡር ጣቢያው ሄዶ ተመለሰ። በየመቶ እርምጃው ቆሞ አንዴ የቀኙን አንዴ የግራውን በጣቱ ስለሚጫን፣ ያየው ሁሉ ሰውየው በሁለት አገር ሰዓት መኖር ጀመረ ወይ እያለ ይስቅበት ነበር። ሲመለስ ላቡ ሸሚዙን ሰውነቱ ላይ ለጥፎታል። ጥቁሩ ሰማንያ ካሎሪ ይላል። ነጩ ሁለት መቶ አሥር።

ሹክሪ ሁለቱንም አየችና «ጥቁሩን ውሰድ» አለችው። «እሱን የሸጥኩለት ሰው ተመልሶ አልተጣላኝም። ነጩ የት እንደተሠራ አላህ ይወቅ።»

ወልደጻድቅ ግን ነጩን በፍቅር ዓይን እያየ ነበር። አንድ ሰው በዚያ ፀሐይ ያን ያህል ለፍቶ ሰማንያ ብቻ ሲባል ሞራሉ አይነካም? «ይሄ ጥቁሩ ስስታም ነው» አለ። «ነጩ ግን የሰው ድካም ይገባዋል።» ነጩን አስሮ ሄደ። ሰው ሚዛን ሲመርጥ የሚያደላለትን ከመረጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እውነቱን ለመናገር ሞከረ። ማለዳ ማለዳ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ይራመዳል፣ ጣቱን ይጫናል፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን እንደ ልማዱ ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ጓደኛው ዳሂር ቤት ጫት ሊቅም ሄደ። ፍራሹ ላይ ተጋድሞ፣ ትራሱን ክንዱ ሥር አድርጎ፣ ምርቃናው መጣሁ መጣሁ ሲል፣ ዝም ብሎ ጣቱን ሰዓቱ ላይ አደረገ። ልቡ በደቂቃ መቶ ሃያ ይመታል። የካሎሪው ቁጥር ደግሞ ይሮጣል።

«ዳሂር» አለ ቀስ ብሎ። «እየተራመድኩ ነው።»

ዳሂር ቀረብ ብሎ አየ። ሁለቱም ቅጠል ቀንጥሰው ጉንጫቸው ውስጥ ጨመሩ፤ ጫት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አሰላስሎ መናገር ደንብ ነው። በመጨረሻ ዳሂር ተናገረ። «ዋሪያ፣ ሐኪሙ ያለህ ልብህ ይሥራ ነው። ልብህ ይኸው እየሠራ ነው። እግርህን ማን ጠየቀው?»

ወልደጻድቅ አመነና ጣቱን አጥብቆ ተጫነ። ያን ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ነጩ ሰዓት ዘጠኝ መቶ ካሎሪ መዘገበ። ከዚያ ወዲያ ወልደጻድቅ ከባቡር ሥራ ባረፈ ቁጥር ስፖርቱን ተኝቶ ይሠራ ጀመር። ጫት ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ፣ ኦቾሎኒ አለ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ አለ። ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ «ሺህ ያቃጠለ ሰው ሁለት ሳህን ሩዝ ቢበላ ምን ይለዋል?» ይልና ይቀመጣል። በማይራመድበት ቀን ሁሉ ደብተሩ በቁጥር ይሞላል።

አስካለማርያም ደብተሩን አንድ ማታ ገልጣ አየችው። ከዚያ ሱሪውን አየችው፤ የወገቡን ቁልፍ ቦታ ስታዛውር ይሄ ሁለተኛ ጊዜዋ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ደብተሩን ዘጋችው። ወልደጻድቅ ሴት ልጅ ሳይንስ አይገባትም ብሎ ደብተሩን ትራሱ ሥር ከተተው።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ክሊኒክ ሄደ። በኩራት ነው የሄደው፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ። ሚዛኑ ላይ ወጣ። መቶ ሰባት።

ዶክተር ጉግሳ ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበበ። «ስልሳ ሺህ ካሎሪ» አለ። «ይህ እውነት ቢሆን ዛሬ የሚመጣው ሱሪዎ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩት የት ነው?»

«ገንደ ቆሬ» አለ ወልደጻድቅ አንገቱን ደፍቶ።

ሐኪሙ ደብተሩን ዘጋው። ብዕሩን አወጣና «ከባቡር ላይ ይነሡ፤ በየቀኑ በእግር መሄድ አለባቸው» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ያን ማታ ወልደጻድቅ አለቀሰ፤ አስካለማርያምም ስለ ላሚቱ አላነሣችም።

ወረቀቱ የሐዲድ ክፍል ኃላፊው ጓድ ሀብተ ማርያም ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ጓድ ሀብተ ማርያም ማኅተም ያለበትን ነገር ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው ነው። «በየቀኑ በእግር» የሚል ትእዛዝ አነበበና ወልደጻድቅን ሐዲድ መርማሪ አደረገው፤ በየማለዳው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻና የቡሎን መፍቻ ይዞ፣ እስከ ሽንሌ ጣቢያ ባለው መንገድ አጋማሽ ድረስ እየሄደ፣ የላላ ቡሎን እያጠበቀ፣ ፍየል እያባረረ ይመለሳል። ጫት ለመቃም ጊዜም አቅምም ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት ጣቱን ሰዓቱ ላይ ማድረጉንም ተወው፤ እጁ ላይ የቀረው መፍታቱን ስለረሳ ነው።

በአምስተኛው ወር ሰማንያ ስምንት ኪሎ ገባ። ጉንጩ ሟሟ፣ ሱሪው በገመድ ተያዘ። ዶክተር ጉግሳ ልቡን አዳምጦ ሳቀና «ለባቡር ብቁ ነዎት» ብሎ ጻፈለት። ወልደጻድቅ ከክሊኒኩ እስከ ጓድ ሀብተ ማርያም ቢሮ ሮጠ።

ጓድ ሀብተ ማርያም ወረቀቱን አነበበ። «አንተ ከመጣህ አንድ ቡሎን አልወደቀም» አለው። «እንዳንተ የሚሄድ ሰው አግኝቼ እለቅሃለሁ? ደሞ ቦታህ ላይ ሊበን ተመድቧል። እሱ ካልወረደ አንተ ምኑ ላይ ትወጣለህ?»

ወልደጻድቅ ወደ መዶሻው ተመለሰ። ባቡሩ በየቀኑ ሲያልፍ ቆሞ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር ወፍራም ሳለ ይሻለው ነበር፤ ያኔ ቢያንስ አልችልም ይል ነበር፤ አሁን ግን እየቻለ መሬት ላይ ቀረ።

አንድ ጠዋት ባቡሩ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሐዲዱ ላይ የተኛ ግመል እስኪነሣ ድረስ ቆመ። ሊበን በበሩ ብቅ አለ። በየጣቢያው የሚቀርበው ጥብስ እሱንም አግኝቶታል፤ የሸሚዙ ቁልፎች መሃል ላይ መራራቅ ጀምረዋል።

«ወልዴ» አለው ከላይ ሆኖ። «አቦ እንዴት ነው እንዲህ የቀጠንከው? ሐኪሙ እኔንም ጠርቶኛል። ሁለት ወር ሰጥቶኛል።»

ወልደጻድቅ አየው። ሆዱን አየ፣ በሩን አየ፣ የትኬት መብሻውን አየ። ከዚያ ነጩን ሰዓት ከእጁ ፈትቶ ወደ ላይ ዘረጋለት።

«በዚህ ነው» አለው። «ልብ ይቆጥራል፣ ካሎሪ ያሰላል። መራመድ ግን አይመከርም፤ ልብ ያደክማል። ገንደ ቆሬ ዳሂር ቤት ሂድ፣ እንዴት እንደሚሠራበት ያሳይሃል። ኦቾሎኒውን ደግሞ እንዳትተው።»

ሊበን አመስግኖ አሰረው። ግመሉ ተነሣ፣ ባቡሩም ተንቀሳቀሰ። ወልደጻድቅ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሁለት ወር ስንት ቀን እንደሆነ በጣቱ እየቆጠረ መንገዱን ቀጠለ።